አንድ ጋሻ መሬት ለአንድ ወታደር
በሴፕቴምበር 1776 የአሜሪካ ኮንግረስ ካዝናው ባዶ ነበር። (ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።) እንግሊዝን የሚዋጋ ጦር ደግሞ በባዶ እጅ አይሰበሰብም። ስለዚህ መሬት ቃል ገባ። ጦርነቱ እስኪያልቅ ለሚያገለግል ተራ ወታደር 100 ኤከር፣ ለሻምበል 300፣ ለኮሎኔል 500። መቶ ኤከር 40 ሄክታር ግድም ነው፤ በእኛ የድሮ ስፍር አንድ ጋሻ መሆኑ ነው። ችግሩ ኮንግረሱ ያኔ ጋሻ ቀርቶ አንድ ጥማድ መሬት አልነበረውም። ላም አለኝ በሰማይ።

ልማዱ አዲስ አይደለም። የእንግሊዙ ንጉሥም በ1763 ከፈረንሳይ ጋር ለተዋጉ ተራ ወታደሮች 50፣ ለሻምበሎች 3,000 ኤከር ፈቅዶ ነበር። ጆርጅ ዋሽንግተን የዚያን ጦርነት ድርሻውን ከመውሰድ አልፎ የሌሎች ዘማቾችን መብት ገዝቷል። ነገሩ ቀድሞ ገብቶታል።

ግዛቶቹም በየፊናቸው ሰጡ። የቨርጂኒያ እጅ ሰፊ ነበር፤ ለሜጀር ጄኔራል 15,000 ኤከር። ኒው ዮርክ በበኩሏ ለተራ ወታደር 600 ኤከር አዘጋጅታ በዕጣ አከፋፈለች። ለቀበሌዎቹም ሆሜር፣ ቨርጂል፣ ኦቪድ፣ ሲሴሮ የሚል የጥንት ግሪክና ሮማ ጸሐፊዎች ስም ወጣላቸው። ስሞቹ ዛሬም አሉ። አንዳንዱ ባለዕጣ ግን ያንኑ መሬት ለሁለት ለሦስት ሰው ስለሸጠ፣ ክርክሩን የሚዳኝ ኮሚሽን ማቋቋም ግድ ሆነ።

ወታደሩ በቀጥታ መሬት አይቀበልም። ማገልገሉን አስመስክሮ ማዘዣ ይወስዳል፤ ከሞተ ወራሾቹ ይወስዳሉ። ማዘዣው መሬት የመጠየቅ መብት ነው እንጂ መሬት አይደለም። ቦታ መምረጥ፣ ማስመዝገብ፣ ካርታ ማውጣት ገና ይቀራል።

በ1796 ለኮንግረሱ ጦር ኦሃዮ ውስጥ 2.5 ሚሊዮን ኤከር ያህል ተከለለ። ሕጉ ግን ከ4,000 ኤከር በታች አያስመዘግብም! ባለ 100 ኤከሩ ሰውዬ 39 ቢጤዎቹን ፈልጎ ካልተደራጀ ወረቀቱ አይሠራለትም። ጦርነቱ ካበቃ 13 ዓመት አልፏል፤ ጓደኞቹ ተበትነዋል፤ ኦሃዮም ሩቅ ነው። ለደላላ መሸጥ ይቀላል። ማዘዣው እንዲህ አየር ባየር ዞረ። በ1800 በመቶ ኤከር መውሰድ ሲፈቀድ፣ ብዙው ወረቀት ከወታደሩ እጅ ወጥቶ ነበር።

መሬቱስ ባዶ ነበር? አልነበረም። የኒው ዮርኩ የካዩጋና የኦኖንዳጋ ሕዝቦች አገር ነው። ኦሃዮ ውስጥ ሾኒና ደላዌር የተባሉ ሕዝቦች ይኖሩ ነበር፤ በጦርነት ከተሸነፉ በኋላ በ1795 በግሪንቪል ውል አብዛኛውን ለቀቁ። ኮንግረሱ ዕዳውን የከፈለው በሰው መሬት ነው።

ዳግም ከእንግሊዝ ጋር ለተደረገው ለ1812ቱ ጦርነት የተራ ወታደሩ ድርሻ 160 ኤከር ሆነ። ሚቺጋን ውስጥ 2 ሚሊዮን ኤከር ታስቦ ነበር፤ ቀያሾች ረግረግ ነው ብለው ሲመለሱ ወደ ኢሊኖይና ሚዙሪ ተዛወረ።

የመጨረሻው ትልቅ ሕግ በ1855 ወጣ። 14 ቀን ብቻ ላገለገለ 160 ኤከር ይፈቅዳል። የነጻነቱ ጦርነት ዘማቾችና ባሎቻቸው የሞቱባቸው ሚስቶችም ተካተቱበት። ያ ጦርነት ካበቃ ያኔ 72 ዓመቱ ነበር።