ግዙፉ ስኩዊድ ምንድን ነው?

ግዙፉ ስኩዊድ አጥንት የሌለው የጥልቅ ባሕር አዳኝ ነው፤ ከኦክቶፐስም ጋር ይዛመዳል። አርኪቴውቲስ የሚለውን ሳይንሳዊ ስም ያወጣለት ዴንማርካዊው ያፔተስ ስቴንስትሩፕ ሲሆን፣ ዘመኑም እ.ኤ.አ. 1857 ነው።

ሴቷ እስከ 12 ወይም 13 ሜትር ትደርሳለች፤ ወንዱ ያንሳል። ከዚህ ውስጥ ግንዱ 2 ሜትር ገደማ ብቻ ነው፤ የቀረው ጭንቅላቱ፣ ስምንት ክንዶቹና ሁለት ረጃጅም መያዣዎቹ ናቸው። የሞተ ስኩዊድ መያዣ እንደ ላስቲክ ስለሚለጠጥ፣ 18 ሜትር የሚሉት የድሮ ልኬቶች አይታመኑም።

መያዣዎቹ ጫፋቸው ላይ ክብ መምጠጫዎች አሏቸው። የእያንዳንዱ መምጠጫ ከንፈር እንደ መጋዝ ጥርስ ባወጣ ጠንካራ ቀለበት የተከበበ ነው፤ ስኩዊዱን በሚበላው ስፐርም ዓሣ ነባሪ ቆዳ ላይ የሚታየው ክብ ጠባሳ የዚህ ቀለበት አሻራ ነው። የተያዘው ዓሣ በምንቃር ይቆረጣል፣ ጥርሳም በሆነ ምላስ ይፈጫል። መድቀቁ ግዴታ ነው፤ የምግብ ቧንቧው የሚያልፈው እንደ ቀለበት በተሠራው አንጎል መሃል ነውና።

ዓይኑ ከእግር ኳስ ይበልጣል፣ ወደ 27 ሴንቲሜትር ይጠጋል። ይህን ያህል ዓይን ለምን አስፈለገ? አሳማኙ ማብራሪያ ጠላቱን ከሩቅ ለማየት ነው የሚለው ነው፦ ዓሣ ነባሪው ሲዋኝ የሚነካካቸው ብርሃን ሰጪ ጥቃቅን ፍጥረታት ቦግ ቦግ ሲሉ፣ ስኩዊዱ የግዙፉን አካል ጥላ ከጨለማው ይለያል።

የሚኖረው በአብዛኛው ከ300 እስከ 1,000 ሜትር ጥልቀት፣ በአህጉራት ተዳፋትና በደሴቶች ዙሪያ ነው። ብዙዎቹ ዓሦች ያላቸው የአየር ከረጢት የለውም፤ በጡንቻው ውስጥ ያለው የአሞኒየም ክሎራይድ ፈሳሽ ከባሕር ውሃ ስለሚቀል እንዳይሰምጥ ይረዳዋል። ሲሞትም ወደ ላይ የሚያወጣው ይኸው ፈሳሽ ነው፤ ሥጋው አሞኒያ አሞኒያ የሚለውም ከዚሁ የተነሣ ነው። ለረጅም ዘመን የምናውቀው ሬሳውን ብቻ የሆነውም ሲሞት ወደ ላይ ስለሚወጣ ነው።

በሕይወት እያለ በጥልቅ መኖሪያው መጀመሪያ ፎቶ የተነሣው እ.ኤ.አ. በ2004 በጃፓን ኦጋሳዋራ ደሴቶች አካባቢ፣ 900 ሜትር ጥልቀት ላይ ነው። ነጭ መብራትና የሞተር ድምፅ እንዲህ ያለውን እንስሳ ያሸሻል። እ.ኤ.አ. በ2019 በሜክሲኮ ባሕረ ሰላጤ የተሠራበት ካሜራ ግን ሞተር አልነበረውም፤ የሚያበራውም ለጥልቅ ባሕር ዓይን እምብዛም የማይታየውን ቀይ ብርሃን ነበር። ከፊቱ እንደ ጄሊፊሽ በሰማያዊ የሚብለጨለጭ ማታለያ ተሰቀለ። 759 ሜትር ላይ ስኩዊዱ ቀስ ብሎ ቀረበና ማታለያውን በክንዶቹ ጠቀለለው፤ ምግብ አለመሆኑን ሲያውቅ ለቆት ተፈተለከ።