የፖለቲካ አቋም የዘረመል ድርሻ ምንድን ነው?

ስለ ሞት ቅጣት ወይም ስለ ግብር ያለን አቋም ከየት መጣ? ብዙዎቻችን ከቤተሰብ፣ ከትምህርትና ከሰፈር እንላለን። ልክ ነው። ግን ዘረመልም እጁ ያለበት ይመስላል።

ፍንጩ የተገኘው ከመንታዎች ነው። ከአንድ እንቁላል የተገኙ መንታዎች ዘረመላቸው አንድ ዓይነት ነው ሊባል ይችላል። ከሁለት እንቁላል የተገኙት ግን እንደማንኛውም ወንድምና እህት ናቸው። ሁለቱም ዓይነት መንታዎች አብረው ያድጋሉ። የመጀመሪያዎቹ በአቋም ይበልጥ ከተመሳሰሉ፣ ምክንያቱ ዘረመል ነው ተብሎ ይገመታል።

በ2005 እ.ኤ.አ. የፖለቲካ ሳይንስ ተመራማሪዎቹ ጆን አልፎርድ፣ ካሮሊን ፈንክና ጆን ሂቢንግ የብዙ ሺህ አሜሪካውያን መንታዎችን መልስ በዚህ መንገድ መረመሩ። ጥያቄዎቹ 28 ነበሩ፤ የሞት ቅጣትም፣ የትምህርት ቤት ጸሎትም ነበረባቸው። በወግ አጥባቂነት ረገድ በሰዎች መካከል ከታየው ልዩነት 43 በመቶ ያህሉን ከዘረመል ጋር አያያዙት። ዴሞክራት ወይስ ሪፐብሊካን በሚለው ላይ ግን ድርሻው ወደ 14 በመቶ ወረደ። ለእኔ ትልቁ ግኝት ይሄ ነው። ዘረመል ዝንባሌን ይሰጥ ይሆናል፤ ፓርቲን ግን በአብዛኛው የምናገኘው ከቤትና ከኑሮ ነው።

ቁጥሩን በትክክል እንረዳው። «አቋሜ 43 በመቶ በደሜ ነው» ማለት አይደለም። የሚለካው በአንድ አገር፣ በአንድ ዘመን፣ በሰዎች መካከል ያለውን ልዩነት ነው። ኑሮ ሲለወጥ ቁጥሩም ይለወጣል። አንዱን ሕዝብ ከሌላው ለማወዳደር ደግሞ ፈጽሞ አይሆንም። ይህን ጠበቅ አድርጌ የምናገረው፣ ሰውን በትውልዱ መፈረጅ ምን ያህል እንደሚጎዳ ስለምናውቅ ነው።

ዕድሜም ለውጥ ያመጣል። ተመራማሪው ፒተር ሃተሚና ባልደረቦቹ በ2009 እንዳሳዩት፣ በልጅነት የዘረመሉ ድርሻ አይታይም፤ ቤቱ ያሸንፋል። ወደ 20 ዓመት ግድም፣ ልጆች ከቤት ሲወጡ፣ ብቅ ይላል።

ትችትም አለ። ከአንድ እንቁላል የተገኙ መንታዎችን ሰው እንደ አንድ ስለሚያያቸው፣ መመሳሰላቸው ከአስተዳደግም ሊመጣ ይችላል። አንዳንዱ ግኝት ደግሞ ሲደገም ይፈርሳል። በ2008 በ46 ሰዎች ላይ የተደረገ ጥናት፣ በአስፈሪ ምስልና በድንገተኛ ድምፅ አብዝተው የሚደነግጡ ሰዎች ለጦር ኃይልና ለሞት ቅጣት ያደላሉ ብሎ ነበር። በ2020 ሌሎች ተመራማሪዎች 202 ሰዎች ይዘው ሲሞክሩት፣ ወግ አጥባቂውም ለዘብተኛውም (ሊበራሉም) ለአስፈሪ ምስል ያሳዩት የሰውነት ምላሽ ተመሳሳይ ሆነ።