ቋንቋ «ለመጥፋት ተቃርቧል» የሚባለው መቼ ነው?

በጥናት ጽሑፎች «ለመጥፋት የተቃረበ ቋንቋ» ሲባል ብዙ ሰው የተናጋሪ ቁጥር ማነስ ብቻ ይመስለዋል። ነገር ግን በ2003 እ.ኤ.አ. ለዩኔስኮ የተዘጋጀው መመዘኛ 9 ነጥቦች ሲኖሩት የመጀመሪያው ልጆች ቋንቋውን ከወላጆቻቸው ይወርሱታል ወይ የሚለው ነው። በአዊ ዞን ሕፃናት አሁንም በአካባቢው ቋንቋ በአውንጊ አፋቸውን ይፈታሉ። ቅማንትኛን ግን በብዛት የሚያውቁት አዛውንት ናቸው፤ በ1987ቱ ቆጠራ ከ170 ሺህ በላይ ቅማንት ሲቆጠር፣ አፍ የፈታሁበት ነው ያለው 2 ሺህ አይሞላም። የብሔረሰቡ ብዛት ለቋንቋው ዋስትና አይሆንም።

እዚሁ ባሕር ዳር፣ የደንገል ታንኳ የሚሠሩት ነገደ ወይጦዎች ዛሬ አማርኛ ተናጋሪ ናቸው። የቀድሞ ቋንቋቸው በወጉ ሳይመዘገብ ስለጠፋ፣ ከየትኛው የቋንቋ ቤተሰብ እንደነበር እንኳ አጥኚዎች አልተስማሙም። በጣም ያሳዝናል። ቅማንትኛን ለመቅረጽ ግን አሁንም ጊዜ አለ፤ መጀመሪያ መሄድ ወደ አያቶች ነው።