ቆስጠንጢኖስ መጽሐፈ ሄኖክን አላወጣም

ባለፈው የደመራ ዕለት ማታ፣ ሰፈራችን ደመራው ተለኩሶ ሰዉ እየዘመረ ሲዞር፣ አንድ የጎረቤት ልጅ ጠጋ አለኝ። «ጋሼ፣ ይሄ የእሌኒ ልጅ ቆስጠንጢኖስ፣ መጽሐፈ ሄኖክን ከመጽሐፍ ቅዱስ ያወጣው እሱ ነው አይደል?» አለና ስልኩን አውጥቶ ቪዲዮ አሳየኝ። እሳቱ ፊታችን እየነደደ ቆመን አየነው። ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ስህተት ነው።

ታሪክ ማስተማር ከጀመርኩ ሃያ ዓመት አልፎኛል። ይህን ወሬ ክፍል ውስጥ ሰምቼዋለሁ። ታክሲ ውስጥም፣ ለቅሶ ቤትም ሰምቼዋለሁ። እውነቱን ለመናገር ሰልችቶኛል። አንዴ በደንብ ልጻፈውና ለጠየቀኝ ሁሉ ይህንኑ ልስጥ። ዓመታቱን የጻፍኩት እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ነው።

ሰውየውን ለማታውቁት ባጭሩ፦ ቆስጠንጢኖስ የተወለደው ዛሬ ሰርቢያ ውስጥ ባለችው በኒሽ ከተማ ነው። በ306 አባቱ ዮርክ፣ እንግሊዝ አገር ሲሞት ሠራዊቱ እሱን አነገሠው። በ312 ሮም አጠገብ፣ ሚልቪያን ድልድይ ላይ ተቀናቃኙን ማክሴንቲዎስን አሸነፈ። በ324 የምሥራቁን ንጉሥ ሊቂኒዎስን ድል ነሥቶ የሮምን ግዛት ብቻውን ጠቀለለ። በ330 ቁስጥንጥንያን አስመረቀ፣ በ337 ሞተ።

አሁን ወደ ወሬው። «በ325 ንጉሡ ጳጳሳቱን ኒቂያ ላይ ሰበሰበ። ያልተመቹትን መጻሕፍት አስወጣ። ሄኖክና ኩፋሌ ተጣሉ። ኢትዮጵያ ግን የሮም ተገዢ ስላልነበረች ሰማንያ አሐዱን እንደያዘች ቀረች።» ለጆሮ ይጥማል። አገራችንንም ያሞግሳል፣ ለዚህ ነው ሰው ሳይጠይቅ የሚቀበለው።

ባለፈው ዓመት አንድ ተማሪዬ ይህንኑ በፈተና ወረቀቱ ላይ ጻፈው። ዜሮ ሰጥቼ ማለፍ እችል ነበር። አላስቻለኝም። ጉባኤ ኒቂያ ያወጣቸው ቀኖናዎች፣ ማለትም የቤተ ክርስቲያን ሕጎች፣ ሃያ ብቻ ናቸው፣ ሁሉም አጫጭር ናቸው። ማታ ተቀምጬ ተረጎምኳቸው፣ ፎቶ ኮፒ አስደረግኩና ጠዋት ይዤ ገባሁ። ሃያውን ለሃያ ተማሪ አከፋፈልኩ። «መጻሕፍት የወጡበትን ቀኖና ያገኘ እጁን ያውጣ» አልኳቸው።

አንድ በአንድ ጮክ ብለው አነበቡ። አንደኛው በገዛ ፈቃዱ ራሱን የሰለበ ሰው በክህነት እንዳያገለግል ይከለክላል። አራተኛው ኤጲስ ቆጶስ ሲሾም ቢያንስ ሦስት ኤጲስ ቆጶሳት ይገኙ ይላል። ስድስተኛው ስለ እስክንድርያ መንበር ሥልጣን ነው። አሥራ ሰባተኛው ካህን በአራጣ እንዳያበድር ያዛል። ሃያኛው የደረሰው ያ ፈተናውን የጻፈው ልጅ ነበር። በእሑድ ቀን ሳትንበረከኩ ቆማችሁ ጸልዩ የሚል ነው። አንብቦ ጨረሰና ወረቀቱን ገለበጠ። ጀርባው ባዶ ነው። «ሌላ የለም ቲቸር?» አለኝ። የለም።

ጉባኤው የተጠራበት ዋናው ጉዳይ አርዮስ ነው፣ «ወልድ ፍጡር ነው» ያለው የእስክንድርያ ቄስ። ሁለተኛው የፋሲካ ቀን ነበር። ከጉባኤው የወጣው ዛሬም የምንደግመው የጸሎተ ሃይማኖት መሠረት ነው። ስለ ሄኖክ የተነሣ ነገር የለም።

እንግዲያ ሄኖክ ሌላው ዓለም ጋ እንዴት ቀረ? በአንድ ጉባኤ፣ በአንድ ንጉሥ ትእዛዝ አይደለም። ካርቴጅ ውስጥ የነበረው ክርስቲያን ጸሐፊ ተርቱሊያኖስ በ200 ገደማ መጽሐፉን ደግፎ ሲጽፍ፣ አንዳንዶች እንደማይቀበሉት ያን ጊዜውኑ ተናግሯል። ይህ የሆነው ቆስጠንጢኖስ ሳይወለድ ነው! ከተርቱሊያኖስ በኋላ የእስክንድርያው ሊቅ አርጌንስም መጽሐፉ በአብያተ ክርስቲያናት ዘንድ በሰፊው እንደማይታመንበት ጽፏል። የዛሬዎቹን ሃያ ሰባት የሐዲስ ኪዳን መጻሕፍት ዘርዝሮ የጻፈው ደግሞ የእስክንድርያው ሊቀ ጳጳስ አትናቴዎስ ነው፣ በ367። ንጉሡ ከሞተ ሠላሳ ዓመት ሆኖታል። በሄኖክ ስም የሚነበቡትን የተቃወመውም በዚያው መልእክቱ ነው። አትናቴዎስ እኮ አባ ሰላማ ከሣቴ ብርሃንን ቀብቶ የላከልን ሰው ነው። ታሪኩ «ክፉ ሮም፣ ደግ ኢትዮጵያ» ከሚለው በጣም የሰፋ ነው። ሄኖክን ሙሉውን በግዕዝ ያቆዩልን የእኛ ደብተራዎችና ገዳማት ናቸው፣ ለዚህ ክብር የፈጠራ ጠላት አያስፈልገንም።

ስህተቱ ከየት መጣ ብትሉ ከአንድ ቦታ አይደለም። ቆስጠንጢኖስ ለቁስጥንጥንያ አብያተ ክርስቲያናት ሃምሳ መጽሐፍ ቅዱስ እንዲገለበጥለት የቂሣርያውን አውሳብዮስን አዟል፣ ይህ እውነት ነው። ግን ማስገልበጥና መምረጥ ይለያያሉ። በ9ኛው ክፍለ ዘመን ደግሞ አንድ የግሪክ ጽሑፍ፣ መጻሕፍቱ በመንበሩ አጠገብ ተቀምጠው እውነተኞቹ በተአምር ከላይ ተገኙ ብሎ ተረከ። እኛ ዘንድ ደግሞ ፍትሐ ነገሥት አለ። በትውፊት ኒቂያ ላይ የተሰበሰቡት የሦስት መቶ አሥራ ስምንቱ ሊቃውንት ሥራ ይባላል፣ የመጻሕፍት ዝርዝርም አለበት። መጽሐፉን ግን በ13ኛው ክፍለ ዘመን ግብፅ ውስጥ በዐረብኛ ያዘጋጀው ኢብን አል-አሳል ነው። ዝርዝሩን አይቶ «ኒቂያ ወሰነች» የሚል ሰው አይፈረድበትም። ቪዲዮ የሚሠራ ሰው ግን ይፈረድበታል፣ ሃያ አጫጭር ቀኖና ማንበብ አንድ ሰዓት አይፈጅም።

እባካችሁ፣ እንዲህ ያለ ቪዲዮ ሲላክላችሁ ለሌላ ከማስተላለፋችሁ በፊት ሁለት ነገር ጠይቁ። በስንት ዓመተ ምሕረት? ስንተኛው ቀኖና? ላኪው ካልመለሰ እዚያው አቁሙት። ልጆቻችሁም እንዲሁ እንዲጠይቁ አስለምዷቸው። በተለይ «ለሺህ ዓመታት የተደበቀ ምስጢር» ብሎ የሚጀምር ከሆነ ተጠንቀቁ። የኒቂያ ቀኖናዎች ተደብቀው አያውቁም።

ሁለተኛው ትልቅ ስህተት «ክርስትናን የመንግሥት ሃይማኖት አደረገ» የሚለው ነው። ይህን መምህራንም ሲሉት እሰማለሁ። በ313 ከሊቂኒዎስ ጋር ሚላኖ ላይ የተስማሙት፣ ክርስቲያኖችም ሌሎችም የወደዱትን ሃይማኖት እንዲከተሉ ነው። ለክርስቲያኖች የተወረሰ ንብረታቸው ይመለስ ተባለ። በ303 በዲዮቅልጥያኖስ የተጀመረውን ስደት ያቆመ የመጀመሪያው አዋጅ እንኳ የእሱ አይደለም፣ በ311 የወጣው የንጉሥ ጋሌሪዎስ ነው። ሰው ሁሉ የኒቂያን ሃይማኖት ይያዝ ብሎ ያዘዘው ንጉሥ ቴዎዶስዮስ ነው፣ የካቲት ወር 380፣ ተሰሎንቄ ላይ። ፈቀደና አዘዘ መካከል ስልሳ ሰባት ዓመት አለ። ቆስጠንጢኖስ ለቤተ ክርስቲያን ያደላ ነበር። ገንዘብ ሰጠ፣ ትልልቅ ሕንፃዎች አሠራ። ግን የጣዖት መቅደሶቹ በዘመኑ ሥራቸውን ቀጥለዋል።

ትንንሾቹን ቶሎ ቶሎ ልበል።

ሮም ያለው የድል ቅስቱ በ315 የቆመ ነው፣ መስቀል የለበትም።

«ጳጳስ ሲልቬስትሮስ ሮም ላይ አጠመቀው» የሚለው አፈ ታሪክ ነው። የተጠመቀው በሞቱ ዋዜማ፣ ኒቆምድያ አጠገብ ነው፣ ያጠመቀውም የአርዮስ ደጋፊ የነበረው የኒቆምድያው አውሳብዮስ ነው።

ጥምቀቱን ማዘግየቱ አስመሳይ አያደርገውም፣ በዚያ ዘመን ብዙ ሰው ያደርገው ነበር። ጻድቅ ብቻ አድርጎ መሳልም አያዋጣም፣ በ326 የገዛ ልጁን ክሪስጶስን አስገድሏል።

ምዕራቡን ግዛት ለሮም ጳጳስ አወረሰ የሚለው ሰነድ ሐሰተኛ ነው፣ በ1440 ሎሬንዞ ቫላ አጋልጦታል።

መስቀሉን የፈለገችው እሌኒና የእኛዋ እቴጌ እሌኒ ሁለት ሴቶች ናቸው። በመካከላቸው ወደ 1,200 ዓመት አለ።

የመጨረሻው ለእኛ ቅርብ ነው። «ቆስጠንጢኖስ ለዒዛና የጻፈው ደብዳቤ» የሚል ጽሑፍ ደጋግሜ አያለሁ። ደብዳቤው እውነት ነው፣ ጸሐፊው ግን የአርዮስን ወገን ይደግፍ የነበረው ልጁ ቆስጠንጥዮስ ነው። የተጻፈው በ356 ገደማ ነው፣ አባትየው ከሞተ ሃያ ዓመት ሊሆነው ሲል። ለዒዛናና ለሳይዛና ነው የተላከው። «የከበራችሁ ወንድሞች» ይላቸዋል። የሚጠይቃቸው አባ ሰላማን ወደ ግብፅ እንዲልኩለት ነው፣ በአትናቴዎስ ቦታ በተተካው በጊዮርጊስ ፊት ሃይማኖቱ እንዲመረመር። አባቱ ኒቂያ ላይ የሰበሰበው ጉባኤ የወሰነውን ልጁ ሊያፈርስ ሲሞክር የአክሱም ነገሥታት መሀል ገቡ ማለት ነው። ደብዳቤው የደረሰን አትናቴዎስ ለዚያው ንጉሥ የመከላከያ ጽሑፍ ሲያዘጋጅ ሙሉውን ስለገለበጠው ነው።