የምክር ቤት አባል ደብዳቤና የሚዘገየው መልስ (ብሪታኒያ)

በብሪታኒያ ከመንግሥት መሥሪያ ቤት ጋር ጉዳይ ይዞት መላ ያጣ ሰው የሚያንኳኳው የመጨረሻ በር የአካባቢው የፓርላማ አባል ነው። ለንደን ያለ ሐበሻ «ኤምፒ ጋ ገባሁ» ካለ ነገሩ አብዛኛውን ጊዜ የሆም ኦፊስ (የአገር ውስጥ ጉዳይ ሚኒስቴር) ነው። የኢትዮጵያ ዜግነት ብቻ ያለው ነዋሪ በጠቅላላ ምርጫ ድምፅ ባይሰጥም አባሉ አቤቱታውን ይይዝለታል፤ ምክር ቤቱ ሊመሰገንበት የሚገባ ወግ ነው። አቤቱታው የሚሰማው ብዙ ጊዜ ዓርብ ወይም ቅዳሜ፣ «ሰርጀሪ» በሚሉት ቀጠሮ (ሐኪም የለበትም) ሲሆን፣ ከዚያ ለሚኒስትሩ ደብዳቤ ይጻፋል።

የካቢኔ ጽሕፈት ቤት መመሪያ ለመልሱ 20 የሥራ ቀናት ይሰጣል። በ2000 (እ.ኤ.አ.፤ ከዚህ በታችም እንዲሁ) የወጣው የመረጃ ነፃነት ሕግም 20 የሥራ ቀናት ይላል፤ ልዩነቱ ያኛው ሕግ ነው፣ ይሄኛው መመሪያ። ቀኑ ቢያልፍ የሚከሰስ የለም።



በዘመናችን መዘግየቱን እንደ ሰር ጄራልድ ካውፍማን አጥብቆ የመዘገበ የለም ቢባል ማጋነን አይሆንም። ከ1983 ጀምሮ በ2017 እስካረፉ ድረስ የማንቸስተር ጎርተን ተወካይ ነበሩ። ደብዳቤያቸው ያለ መልስ ሲያድር በጽሑፍ ጥያቄ ያቀርቡ ነበር፦ በዚህ ቀን፣ ስለዚህ ሰው ለጻፍኩት ደብዳቤ ሚኒስትሯ መቼ ሊመልሱ አስበዋል? ጥያቄው እስከ 2014 ድረስ የምክር ቤቱ ቃለ ጉባኤ በሆነው ሀንሳርድ ከነቀኑ ይታተም ነበር። ቴሬዛ ሜይ የአገር ውስጥ ጉዳይ ሚኒስትር በነበሩበት ጊዜ (2010–2016) እንዲህ ያለው ጥያቄ እየደጋገመ ይገኛል። ተወካዩ ራሳቸው በ1970ዎቹ ሚኒስትር ስለነበሩ ደብዳቤ የት እንደሚተኛ ያውቁት ነበር።

በኮቪድ ወቅት የጤና ሚኒስቴር በደብዳቤ ተጥለቀለቀ። በወቅቱ የምክር ቤቱ የመንግሥት ተጠሪ ጄኮብ ሪስ-ሞግ ሐሙስ ሐሙስ በሚካሄደው የጥያቄ ጊዜ መልስ ላጡ አባላት ጉዳዩን ተከታትለው እንደሚያስፈጽሙ ይናገሩ ነበር።

ከሁሉ የከፋው ካቡል በታሊባን እጅ የወደቀችበት የነሐሴ 2021 ሰሞን ነው። አፍጋኒስታን ውስጥ ለቀሩ ሰዎች አባላቱ ለውጭ ጉዳይ መሥሪያ ቤት ኢሜይል ያጎርፉ ነበር። በመሥሪያ ቤቱ ይሠራ የነበረው ራፋኤል ማርሻል ለምክር ቤቱ የውጭ ጉዳይ ኮሚቴ በሰጠው ምስክርነት እንዳለው፣ ያልተነበቡት አብዛኛውን ጊዜ ከ5,000 በላይ ነበሩ፤ ኋላ ደግሞ ኢሜይሎቹ እየተከፈቱ «ተነቧል» ተብለው ብቻ ይታለፉ ጀመር። ዓላማው፣ እንደ እሱ አባባል፣ ሚኒስትሮቹ ለምክር ቤቱ «ያልተነበበ የለም» ማለት እንዲችሉ ነው።