የስኮትላንድ የሱፍ መምቻ ዘፈን ምንድን ነው?

«ሴቶች ድካማቸውን ለመርሳት ያንጎራጉሩት የነበረ፣ አዝማቹም ትርጉም የለሽ ድምፅ የሆነ ዘፈን።» ይህን ብያኔ ሰሞኑን ደግሞ አየሁት። ጸሐፊው አልፈው ተርፈው ዘፋኞቹ ታሪኩን ስለረሱት ስንኞቹ ተዘበራርቀዋል ይላሉ። ይህ ዘፈኑን ካለማወቅ የመጣ ፍርድ ነው።

ሥራው በእጅ ይሠራ በነበረበት ዘመን፣ በስኮትላንድ ምዕራብ ዳርቻ ባሉት በሄብሪዲስ ደሴቶች ከሸማኔ እጅ የወጣ ሱፍ ሳሳ ያለና ቅባታም ነበር። ተጠራቅሞ በቆየ ሽንት ይነከር ነበር፤ በሽንቱ ውስጥ ያለው አሞኒያ የተባለ ኬሚካል ቅባቱን ያስለቅቃል፣ ቀለሙንም ያጸናል። ከዚያ ሴቶች በሳንቃ ግራና ቀኝ ተቀምጠው፣ እንዲጠብቅና እንዲወፍር እርጥቡን ጨርቅ እየገፉና እየሳቡ ከሳንቃው ጋር ያላትሙት ነበር፤ ጨርቁም ከእጅ ወደ እጅ በፀሐይ አቅጣጫ ይዞር ነበር። አንዷ ዘፈኑን ታወርዳለች፣ ሌሎቹ ይቀበሉ ነበር። የጨርቁ ወርድ በጣት ይለካ ነበር፤ በሚፈለገው መጠን ካልጠበበ ሌላ ዘፈን ይነሳ ነበር። ያንኑ ዘፈን በአንድ ጨርቅ ላይ መድገም ደግሞ ገደ ቢስ ነው ተብሎ ይታመን ነበር።

ወደ አዝማቹ ልመለስ። «ሂ ሪ ሆ ሮ» የመሰሉት ድምፆች በዘፈቀደ የሚጮሁ አይደሉም፤ እያንዳንዱ ዘፈን የራሱ ቅደም ተከተል አለው፣ ተቀባዮቹም ዘፈኑን ይለዩ የነበረው በእርሱ ነው። አዝማቹ ክር፣ ስንኙ ዶቃ ነው። አውራጇ ሥራው እስኪያልቅ ድረስ ከሌላ ዘፈን ዶቃ እየተዋሰች ትሰካ ነበር፤ ባሕር የበላው ወዳጅ፣ የጎሳ አለቃ መርከብ፣ የባላንጣ ስድብ። አንዱ ዶቃ ከ17ኛው መቶ ክፍለ ዘመን የመጣ፣ ቀጣዩ እዚያው የተፈጠረ ሊሆን ይችላል። ጸሐፊው መዘበራረቅ ያሉት ይህንን ጥበብ ነው። አዝማቹን ጥሎ ስንኙን ብቻ የሚያትም ሰው ክሩን በጥሶ ዶቃውን በትኖታል።

በነገራችን ላይ እ.ኤ.አ. በ1951 የተቋቋመው የኤዲንብራ ዩኒቨርሲቲ የስኮትላንድ ጥናት ተቋም ካሰባሰባቸው የእነዚህ ዘፈኖች የድምፅ ቅጂዎች ብዙዎቹ ጨርቅ በሌለበት፣ አንዲት ሴት ብቻዋን የዘፈነቻቸው ናቸው። ከእነርሱ ተነስቶ ስለ ሥራው ፍጥነት መደምደም አይገባም። «የሴቶች» የሚለውም ለሄብሪዲስ እውነት ነው፤ የስኮትላንድ ስደተኞች ዘፈኑን ይዘው በሄዱባት በካናዳዋ ኬፕ ብሬተን ደሴት ግን ወንዶችም በጠረጴዛው ዙሪያ ይቀመጣሉ።

«ድካም ለመርሳት» የሚለውን ደግሞ ሥራው ካለቀ በኋላ ይሆን የነበረው ያፈርሰዋል። ጨርቁ ተጠቅልሎ በእጅ እየተጨበጨበለት ቀለል ያለ ዘፈን ይከተል ነበር። አውራጇ ላላገባች ልጅ የአንድ ጎረምሳ ስም ትጠራላት ነበር፤ ልጅቷ በዘፈን አልፈልገውም ትላለች፣ ሌላ ስም ይጠራላታል፣ እርሱን ትቀበል ነበር። እስከዚያ ደጅ የቆዩት ወንዶች ይገቡ የነበረው ከዚህ በኋላ ነው፤ ጭፈራውም ያኔ ይጀመር ነበር።