የአኩስቲክ ጊታር ክር ፍተሻ፦ ድምፅና ዕድሜ በአዲስ አበባ ዳር ሰፈሮች

የጊታር ክር ፍተሻ ማለት አንድ ፓኬት ክር ከተወጠረበት ቀን ጀምሮ ድምፁን፣ የሚቆይበትን ጊዜና የሚበጠስበትን ቦታ በሥርዓት መከታተል ነው። የስቱዲዮ ሰዎች ቅንጦት ሊመስል ይችላል። አያት፣ የካ አባዶ፣ ቱሉ ዲምቱ ወይም ኮዬ ፈጬ ለሚኖር ጊታሪስት ግን የኪስ ጉዳይ ነው። ደህና ክር የሚሸጡት ሱቆች በብዛት መሀል ከተማ ናቸው፤ ሁለት ሦስት ታክሲ ቀያይሮ መሄድ አለ። ክሩም ከውጭ ነው የሚመጣው። ሐምሌ 2016 ዓ.ም. የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ ወዲህ ደግሞ ከውጭ የሚገባ ዕቃ ዋጋው አሻቅቧል፤ ክርም አልቀረለትም። እኔ እንደማምነው ዳር ሰፈር ላለ ተጫዋች ክር መመዘን ያለበት በሦስተኛው ሳምንት ድምፁ ነው። በመጀመሪያው ቀን ርካሹም ውዱም ያምራል።

በእነዚህ ሰፈሮች አኩስቲክ ጊታር የሚሰማው በወንጌላውያን አብያተ ክርስቲያናት የመዝሙር ቡድኖች፣ ኮንዶሚኒየም ውስጥ በተከፈቱ ትንንሽ ስቱዲዮዎች፣ ከሥራ መልስም በረንዳ ላይ ነው። የመዝሙር ጊታሪስት ልምምድ ይበዛበታል። ጠንከር አድርጎ ይመታል፤ ካፖውንም (አንገቱ ላይ ክሮቹን ጨምቆ የሚይዘውን መቆንጠጫ) በዘማሪው ድምፅ ልክ ወዲያ ወዲህ ያደርጋል። ትዝታ ወይም ባቲ በጣቱ እየነጠለ የሚጫወት ሰው ደግሞ አንዷ ኖታ ሳትሞት እንድትቆይለት ይፈልጋል። የአንዱ ምርጥ ክር ለሌላው ላይሆን ይችላል።

ከስድስቱ ክሮች ቀጫጭኖቹ ሁለቱ ምንም ያልተጠቀለለባቸው የብረት ሽቦዎች ናቸው። የቀሩት አራቱ ከውስጥ ብረት አላቸው፤ በላዩ ላይ የመዳብ ቅይጥ ተጠቅልሎበታል። የድምፁን ቀለም በዋናነት የሚወስነው ይህ ቅይጥ ነው። 80 በመቶ መዳብና 20 በመቶ ዚንክ የሆነው ጥርት ያለ፣ ደማቅ ድምፅ አለው፤ ግን ቶሎ ይደበዝዛል። ፎስፈር ብሮንዝ የሚባለው ደግሞ በአብዛኛው መዳብ ሆኖ 8 በመቶ ገደማ ቲንና ጥቂት ፎስፈረስ ይገባበታል። ክር አምራቹ ዳዳሪዮ እ.ኤ.አ. በ1974 ለአኩስቲክ ጊታር ያስተዋወቀው ይህ ቅይጥ ሞቅ ያለ ድምፅ አለው፤ ድምፁንም ከዚንኩ ቅይጥ ይልቅ ረዘም ላለ ጊዜ ይይዛል። እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ መጨረሻ ጎርቴክስን የሚሠራው የደብልዩ ኤል ጎር ኩባንያ ኤሊክሲርን ይዞ መጣ። ይህ ክር በስስ ፖሊመር የተሸፈነ ነው። ዛሬ ዳዳሪዮም ማርቲንም ሽፋን ያላቸው ክሮች አሏቸው። ዋጋቸው ካልተሸፈነው እጥፍ አካባቢ ይሆናል።

ውፍረትም አለ። "ላይት" የሚባለው ፓኬት አብዛኛውን ጊዜ ከ0.012 እስከ 0.053 ኢንች ነው፤ በሚሊ ሜትር ከ0.30 እስከ 1.35 ገደማ። በመደበኛው ቅኝት ስድስቱ ክሮች በአንድ ላይ ከ70 ኪሎ በላይ ይስባሉ። ብሪጁ (ክሮቹ የጊታሩ ገላ ላይ የሚታሰሩበት እንጨት) ላይ ቀን ከሌት አንድ ጎልማሳ ሰው እንደተንጠለጠለ ቁጠሩት።

ክር ብዙ ጊዜ ሳይበጠስ ነው የሚሞተው። ላብ፣ የቆዳ ቅባትና አቧራ በጥቅልሉ መሀል ይገባሉ። ያኔ ክሩ ይከብዳል፣ ያውም አንዱ ጋ በዝቶ ሌላው ጋ አንሶ። ንዝረቱ ይታፈናል። በጋ ላይ አስፋልት ካልደረሰበት መንገድ የሚነሳው አቧራ አለ፤ ክረምት ላይ ደግሞ የክፍሉ እርጥበት። ምሳ በልቶ እጁን በውሃ ብቻ ለቅለቅ ያደረገ ሰውም የወጡን ቅባትና ጨው ይዞ ነው ጊታር የሚያነሳው። በሳሙና መታጠብና ተጫውቶ ሲጨርሱ በደረቅ ጨርቅ መጥረግ ምንም አያስወጣም፣ የክርን ዕድሜ ግን በደንብ ያራዝማል።

ፍተሻው ውድ ዕቃ አይፈልግም። ስልክ፣ መቃኛ አፕ፣ የድምፅ ስፔክትረም (ድምፁ ውስጥ ያሉትን ድግግሞሾች ከዝቅተኛ ወደ ከፍተኛ የሚዘረዝር ሥዕል) የሚያሳይ ነጻ አፕና ደብተር ይበቃሉ። ከክሩ በቀር ሌላው ሁሉ እንዳይቀያየር ነው መጠንቀቅ ያለብን፦ ያው ጊታር፣ ያው ፒክ (መምቻ)፣ ያው ክፍል፣ ያው ሰዓት። አዲስ ክር ለጊዜው ስለሚለጠጥ ቅኝቱ አይረጋም። አሳድሮ፣ ደጋግሞ ቃኝቶ መጀመር ይሻላል። ስልኩ ከ12ኛው ፍሬት (አንገቱ ላይ ካሉት አግዳሚ ብረቶች) ፊት ለፊት 30 ሴንቲ ሜትር ያህል ርቆ ይቀመጣል። እያንዳንዱ ክር ሳይጫኑት ይመታና ድምፁ እስኪጠፋ ይቀዳል፤ የቆየበት ሰከንድም ይጻፋል። በየሳምንቱ ይኸው ይደገማል።

ከሁሉም ወፍራሙን ክር፣ ኢ የሚባለውን፣ እንውሰድ። በመደበኛው ቅኝት በሰከንድ 82.4 ጊዜ ይርገበገባል። ስፔክትረሙ ላይ ግን የሚታየው አንድ ጉብታ ብቻ አይደለም። 165፣ 247፣ 330 እያለ የሚቀጥል የጉብታ ሰልፍ ነው። አዲስ ክር ላይ ሰልፉ እስከ ብዙ ሺህ ኸርዝ (በሰከንድ የሚርገበገብበት ቁጥር) ይዘልቃል። ከሳምንታት በኋላ ያንኑ ክር ብትቀዱት በቀኝ በኩል ያሉት ጉብታዎች አንሰው ወይም ጭራሽ ጠፍተው ታገኟቸዋላችሁ። ጆሯችን "ክሩ ደንዝዟል" የሚለን ይህን ሰምቶ ነው። የሁለት ክሮችን ዕድሜ ለማወዳደር ከዚህ የተሻለ ማስረጃ ቤት ውስጥ አይገኝም። ጆሮ በየቀኑ ስለሚለምድ ያታልላል፤ የተቀዳው ግን አይለወጥም።

ሁለተኛው ፍተሻ ቅኝቱን ይመለከታል። 12ኛው ፍሬት ላይ ክሩን በስሱ ነክቶ የሚወጣው ሃርሞኒክና ክሩን ተጭኖ የሚወጣው ድምፅ መግጠም አለባቸው። ሲገዛ ይገጥም የነበረ ክር ካረጀ በኋላ ካልገጠመ፣ ክብደቱ ተዛብቷል ማለት ነው። በሙዚቃ ግማሽ ድምፅ (ሴሚቶን)፣ ማለትም የአንድ ፍሬት ርቀት፣ ሴንት በሚባሉ 100 ክፍሎች ይከፈላል። ልዩነቱ ከ5 ሴንት ካለፈ እኔ ያንን ክር ለቀረጻ አላምነውም።

ሦስተኛው የእጅ ነው። ጥፍርን ከክሩ ሥር አስገብቶ ከመጀመሪያው ፍሬት እስከ አምስተኛው መሳብ። ፍሬቱ ያረፈበት ቦታ ላይ ጥፍር እንቅ ካደረገው፣ ጥቅልሉ ተበልቷል። ከዚያ በነጭ ጨርቅ ቆንጥጦ መጥረግ። ጨርቁ ጠቆር ካለ እድፍ ነው፣ አረንጓዴ ከያዘ የመዳቡ ዝገት ነው።

ወቅቱ ፍተሻውን ሊያበላሸው ይችላል። አዲስ አበባ ከ2,300 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ናት። ዳር ዳሩ ላይ፣ በተለይ በእንጦጦ ግርጌና በሱሉልታ በኩል፣ ፀሐይ እንደገባች ብርዱ ከተፍ ይላል። ብረት ሲቀዘቅዝ ስለሚኮማተር ከሰዓት የተቃኘ ክር ማታ ሽቅብ ሊወጣ ይችላል። በጋ ላይ እንጨቱ ራሱ ይደርቅና ክሩ ወደ ፍሬቱ ይጠጋል፣ መንዘርዘርም ይጀምራል። ይህን በክሩ ማመካኘት ስህተት ነው። ክረምት ላይ ቆርቆሮ ጣሪያ ሥር የሚኖር ሰው ዝናቡ ጋብ እስኪል ጠብቆ ይቅዳ።

ሽፋን ያለው ክር እጥፍ ዋጋው ይገባዋል ወይ? እጁ ለሚያልበውና አዘውትሮ ለሚጫወት፣ አዎ። ጥቅልሉ ውስጥ እድፍ ስለማይገባ ድምፁ ቀስ ብሎ ነው የሚወርደው። መጀመሪያ ላይ ግን ካልተሸፈነው ትንሽ ለስለስ ያለ ነው፤ ጣትም ሲነካው ያንሸራትታል። ፒክ የሚበዛበት ቦታ ላይ ሽፋኑ ተልጦ ሲንጨፈረር ይታያል። አስቀያሚ ቢሆንም ድምፁ ወዲያው አይበላሽም። አልፎ አልፎ ብቻ ለሚጫወት ሰው ያልተሸፈነ ፎስፈር ብሮንዝ ይበቃዋል። ያረጀ ክርን በፈላ ውሃ መቀቀል የቆየ ዘዴ ነው። እድፉ ስለሚለቅ ድምፁ ለጥቂት ቀን ይመለሳል፣ የተበላውን ብረት ግን አይጠግነውም። ለተሸፈነ ክር አይመከርም።

የታወቁ ክሮች አስመስለው እንደሚሠሩ መርሳት አይገባም። ዳዳሪዮ በዚህ የተነሳ ፓኬቱ ላይ የሚመዘገብ ኮድ ያደርጋል። ኮዱን ስልክ ላይ አስገብቶ ማረጋገጥ ይቻላል። ህትመቱ የደበዘዘ፣ ዋጋው ከሌሎቹ ሱቆች በብዙ የወረደ ፓኬት ሲገኝ ፍተሻው እዚያው ሱቅ ውስጥ ቢጀመር ይሻላል።

መበጠስን በተመለከተ የት እንደተበጠሰ መጻፍ ብዙ ያስተምራል። ፒክ የሚያርፍበት ቦታ ላይ ከሆነ ጉዳዩ ክሩን የሚመቱበት መንገድ ነው። ከተጠቀለሉት ውስጥ ጂ (ከቀጭኑ በኩል ሦስተኛው ክር) የውስጥ ብረቱ ቀጭን ስለሆነ ቀድሞ ቢሄድ አይገርምም። ቅኝት ደጋግሞ ከፍ ዝቅ ማድረግም ብረቱን ያደክመዋል። አንድ ክር ግን በተለያየ ብራንድ እዚያችው ቦታ ላይ፣ ብሪጁ ጋ ወይም ክሩ የሚጠመዘዝበት መቃኛ ቁልፍ ሥር፣ እየተበጠሰ ካስቸገረ ክር መቀየሩ ዋጋ የለውም። እዚያ ቦታ ላይ ሹል ነገር አለ። በደቃቅ የብርጭቆ ወረቀት ቀስ ብሎ ማለስለስ፣ ከዚያ የሚቀጥለውን ፓኬት መክፈት።